ላሟ አስወረደች፤ ልጁን ትኩሳት ያዘው፦ ከድሬዳዋ የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ይህን ጥያቄ የማነሣው ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የተዳቀሉ የወተት ላሞች በምታረባው አክስቴ ቤት የደረሰውን ካየሁ በኋላ ነው። ከሦስቱ ላሞች አንዷ በሰባተኛ ወሯ አስወረደች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ስላለ የአክስቴ ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ በባዶ እጁ ስቦ አወጣው፤ ጽንሱንም አንሥቶ ከግቢው ጀርባ ጣለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁን ማታ ማታ የሚነሣ፣ ሌሊቱን በላብ አጥምቆት ጠዋት የሚለቅ ትኩሳት ያዘው፤ ወገቡንና ጉልበቱንም ይቆረጥመው ጀመር። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ መጀመሪያ የወባ፣ ቀጥሎ የታይፎይድ መድኃኒት ተሰጠው። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ተወት ያደርገውና ተመልሶ ይመጣል።

ላሟን ያየው የከብት ሐኪም በቤቱ የታመመ ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቀም። ልጁን ያየው የሰው ሐኪምም በቤቱ ከብት ይኑር አይኑር አልጠየቀም። እኔ በበኩሌ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በከተማችን ተደብቀው የሚኖሩት ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ። አሁን የምጠይቃችሁ፣ ወተቱን መጠጣትና ለጎረቤት መሸጥ ይቻላል ወይ? ላሟስ ምን ትደረግ? ስለ ልጁስ ለሐኪሙ ምን ብለን እንንገር?

ከዚህ በታች ያለው ውይይቱ ከረዘመ በኋላ ለመጡ አባላት ስል መልሶቹን በተራቸው ያጠናቀርኩበት ነው። የጻፍኩት የየሰዉን ሐሳብ እንጂ ቃሉን አይደለም፤ ያልተስማማሁበትም ቦታ ላይ ዝም ብዬ አላለፍኩም።

1ኛ መልስ። ቀድመው የጻፉት በሐረማያ አካባቢ በእንስሳት ሕክምና ሥራ ላይ ያሉ አንድ አባል ናቸው። ለአክስቴ እግዜር ይማርልሽ ካሉ በኋላ፣ ላም ከአምስተኛ ወሯ ወዲህ ስታስወርድና የእንግዴ ልጁ ሲቆይባት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ብሩሴላ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣና ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ፣ መሆኑን ገለጹ። ያም ሆኖ ማስወረድ ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ሌሎች ተህዋስያንም ሆኑ የምግብ ጉድለት ሊያስወርዷት እንደሚችሉ፣ ስለዚህ ከሦስቱም ላሞች ደም ተወስዶ ሮዝ ቤንጋል በተባለው ምርመራ መታየት እንዳለበት አሳሰቡ። ቀጥለው የጻፉት ብዙዎቻችንን አስደነገጠን። በዚህ በሽታ የተያዘች ላም በአብዛኛው የምታስወርደው አንድ ጊዜ ነው፤ በሚቀጥለው እርግዝናዋ ጤነኛ የሚመስል ጥጃ ልትወልድ ትችላለች፤ ባክቴሪያው ግን በጡቷ ውስጥ ተደላድሎ በወተቷና በምትወልድበት ፈሳሽ መውጣቱን አይተውም። ባለቤቱ ድናለች ብሎ ገበያ የሚያወጣትም ያኔ ነው። ስለዚህ አክስቴ ላሟን ለሌላ አርቢ እንዳትሸጥ፣ ከሌሎቹም ለይታ እንድታስራት መከሩ። የወጣው ጽንስና የእንግዴ ልጅ ለውሻ መጣል እንደሌለበት፣ እጅን በጓንት፣ ጓንት ከሌለም እስከ ክንድ በሚደርስ ፌስታል ሸፍኖ አንሥቶ ማቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር እንደሚገባ፣ የረጠበውንም መሬት በበረኪና ማጠብ እንደሚያስፈልግ ዘረዘሩ። ባክቴሪያው ፀሐይ ላይ ቶሎ ቢሞትም በጥላና በእርጥበት ውስጥ ለወራት ይቆያል።

2ኛ መልስ። ሐረር ውስጥ በጤና መኮንንነት የሚያገለግሉ አባል ስለ ልጁ ጻፉ፤ ለእኔ ከውይይቱ ክር ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ሐኪሙ እስኪጠይቅ አትጠብቁ፣ በቤታችን ያስወረደች ላም አለች፣ ልጁም በእጁ ነክቷል፣ ያልፈላ ወተትም ጠጥቷል ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ አሉ። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም፣ በወንዶች ላይ የዘር ፍሬ እብጠት ሲታከልበት ብሩሴሎሲስን ማሰብ ግድ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ በሽታውን እንደማያረጋግጥ፣ ሆኖም ብዙ ሰው በዚያች አንዲት ወረቀት ብቻ መድኃኒት እየዋጠ እንደሚከርም በቁጭት ጻፉ። ሕክምናው አጭር አይደለም፤ ዶክሲሳይክሊን ለ6 ሳምንት ከሪፋምፒሲን ጋር፣ ወይም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ከሚወሰድ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ጋር ይሰጣል። አንዱን ብቻ የወሰደ ወይም ትኩሳቱ ሲለቀው ያቋረጠ ሰው በሽታው ያገረሽበታል፤ አከርካሪ ላይ ወይም ልብ ላይ ሊያርፍበትም ይችላል። ለእርጉዝ ሴት ዶክሲሳይክሊን እንደማይሰጥም አከሉ።

3ኛው መልስ ለልጁ ምሕረት የሚለምን ጸሎት ነበር፤ ስለ መልካም ምኞቱ አመሰግናለሁ።

4ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ድምፁ ከረር አለ። ዕድሜያቸው የገፋ የድሬዳዋ ነዋሪ መሆናቸውን የገለጹ አባት፣ አባቶቻቸው የላምም የግመልም ወተት ከጡት እንደወጣ ጠጥተው ዘጠና ዓመት እንደኖሩ፣ የግመል ወተት ከፈላ መድኃኒትነቱ እንደሚጠፋ፣ የተማሩ ልጆች ግን ሰውን ከገዛ ወተቱ እያስፈራሩ በፋብሪካ ወተት ሊያሳድሩት እንደሚፈልጉ ጻፉ። አባታችንን አከብራለሁ። ሆኖም ዘጠና ዓመት የኖሩትን የምናውቃቸው ስለኖሩ ነው፤ በማይታወቅ ትኩሳት በልጅነታቸው ያለፉት ታሪካቸውን ሊነግሩን አልተረፉም።

5ኛ መልስ። ለአባታችን የመለሱት ከሽንሌ በኩል የሚመጣ የግመል ወተት ድሬዳዋ ውስጥ የሚቸረችሩ እናት ናቸው፤ በክሩ ውስጥ ስለ ሥራው ከሥራው ውስጥ ሆኖ የጻፈ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው። ዕቃው እንዴት እንደሚታጠን በዝርዝር ገለጹ፦ ደረቅ የወይራ እንጨት ጫፉ ፍም እስኪሆን ይነድና ዕቃው ውስጥ ይገባል፤ አፉ ይዘጋል፤ ጢሱ ውስጡን ሁሉ እስኪነካ ዕቃው እየተገላበጠ ይናጣል፤ ከዚያ ከሰሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ወተቱ ይጨመራል። እንዲህ የታጠነ ወተት በድሬዳዋ ሙቀት እስከ ማታ ሳይኮመጥጥ ይቆያል። ያልታጠነ ዕቃ ይዛ የመጣችን ሴት ደንበኛ ከወተቱ ሽታ ብቻ ያውቃታል አሉ። አፍልተው ለምን እንደማይሸጡ ሲያስረዱም፣ የፈላ ወተት ያየ ደንበኛ ውኃ ተጨምሮበታል ወይም አድሯል ብሎ እንደሚጠረጥርና ጥሎ እንደሚሄድ፣ እርሳቸውም የዕለት ጉርሳቸውን እንደሚያጡ ነገሩን። ይህን ያነበበ ሰው ወተት ሻጮችን በንጽሕና ጉድለት ባልወቀሰ ነበር።

6ኛ መልስ። የ1ኛው መልስ ጸሐፊ ተመልሰው የእናታችንን ጽዳት አመሰገኑ፤ ግን አንድ ነገር አረሙ። ጢሱ ወተቱን የሚያኮመጥጡትን ተህዋስያን ያዳክማል፤ በሽታ አምጪውን ግን ገድሏል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከታመመች ላም ወይም ግመል የወጣ ወተት በታጠነ ዕቃም ውስጥ ቢሆን ብሩሴላውን ይዞ ይደርሳል። ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ሲሞቅ ብሩሴላም የከብት ቲቢም ይሞታሉ። ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ወተቱን እያማሰለ ገንፍሎ እስኪነሣ ካፈላው ከዚያ በላይ አድርጓል ማለት ነው። ከዚያም፣ ሻጯ ወተቷን እንደለመደችው ጥሬውን ትሽጥ፣ የሚያፈላው ግን ገዢው በቤቱ ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ በክሩ ውስጥ አልመጣም። ገዢው የወተቱን ጥራት በዓይኑ አይቶ፣ በአፍንጫው አሽትቶ ይገዛል፤ ሻጯም ደንበኛ አታጣም። የሚቀረው፣ ያለ እሳት የሚጠጣ ወተት ለሕፃናት እንዳይሰጥ እያንዳንዱ ቤት መወሰኑ ነው።

7ኛና 8ኛ መልስ። አንዲት አባል እርጎውስ፣ አይቡስ፣ ቅቤውስ ብለው ጠየቁ። የተሰጠው መልስ አጭርና ግልጽ ነበር። እርጎ መኮምጠጡ ተህዋሱን ቢቀንሰውም ከጥሬ ወተት የተሠራ ከሆነ አያስተማምንም፤ አይብ የሚወጣው አሬራው ሲሞቅ ቢሆንም ለብ ብሎ ብቻ ከወጣ ያው ነው፤ የተነጠረ ቅቤ ግን እሳት በደንብ ስላገኘው አያሰጋም። ራስ ላይ ስለሚቀባ ጥሬ ቅቤ ጠይቀው ለነበሩት የመለሰላቸው የለም፤ ቢያንስ የቆሰለ የራስ ቆዳ ላይ ባይደረግ እላለሁ።

9ኛ መልስ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የሆነ ወጣት የቲቢን ነገር አነሣ። የከብት ቲቢ የተዳቀሉትን የፈረንጅ ላሞች ከአገሬው ዘር ይልቅ እንደሚያጠቃ፣ በጠባብ በረት ታጉረው እርስ በርስ በሚተነፍሱበት የከተማ እርባታ ደግሞ እንደሚብስ፣ አንገቷ ላይ በሚወጋ የቲዩበርክሊን ምርመራ ከ72 ሰዓት በኋላ የቆዳዋ ውፍረት ተለክቶ እንደሚታወቅ ጻፈ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ የሚታየው የአንገት ንፍፊት ቲቢ በአብዛኛው ከጥሬ ወተት የመጣ ነው ብሎ ሲጨምር፣ የ2ኛው መልስ ጸሐፊ በ10ኛው መልስ አረሙት። በአገራችን ከንፍፊት ታማሚዎች ተወስደው የተመረመሩት ናሙናዎች በአብዛኛው ያሳዩት ሰው ከሰው የሚጋባውን የቲቢ ባክቴሪያ እንጂ የከብቱን አይደለም። እንዲህ ሲባል ግን የከብቱ አያስፈራም ማለት እንዳልሆነ፣ ፒራዚናማይድ የተባለው የተለመደ የቲቢ መድኃኒት የከብቱን ዓይነት ስለማይነካው ሐኪሙ ይህንን ማወቅ እንደሚጠቅመው አብራሩ። ወጣቱ እርማቱን በትሕትና ተቀበለ። እንዲህ ያለ መታረም በመድረካችን ቢበዛ እወዳለሁ።

11ኛ መልስ። ከሐረር፣ በሥጋ ምርመራ ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ያሳለፉ አባት ወሬውን ከወተት ወደ ሥጋ ወሰዱት። ስለ ኮሶ ትል የጻፉት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሰው ኮሶ የሚይዘው በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው፤ ከብቱ ግን ያገኘው ከሰው ነው። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ባለ ኮሶ ሰው የትሉን እንቁላል ሣር ላይ ይበትነዋል፤ በሬው ሣሩን ይግጣል፤ እንቁላሉ በጡንቻው ውስጥ ሩዝ የምታህል ነጭ ከረጢት ይሆናል፤ ያንን ሥጋ በቁርጥ ወይም በጥሬ ክትፎ የበላ ሰው ዞሮ ኮሶውን ይወስዳል። ስለዚህ የኮሶ መከላከያው ከሥጋ ቤቱ በፊት መጸዳጃ ቤት ነው አሉ። ቄራ ውስጥ መርማሪው መንጋጋውን፣ ምላሱን፣ ልቡንና የብራኳውን ጡንቻ በቢላ እየሰነጠቀ ያያል፤ ከረጢቶቹ ጥቂት ከሆኑ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። ማኅተም ያለበትን ሥጋ እንኳ ጥሬውን መብላት ዋስትና እንደሌለው በድፍረት የጻፉት በሥራው የኖሩት ሰው ራሳቸው ናቸው። ከ60 ዲግሪ በላይ ውስጡ ድረስ የበሰለ፣ ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን የቀዘቀዘ ሥጋ ትሉን ይገድላል። በየጓሮው ያለ ምርመራ የሚታረደውን ሲያነሡ ግን ቃላቸው ጠነከረ፤ በበዓል ሰሞን ለጥቂት ብር ብላችሁ ያልታየ ሥጋ በልጆቻችሁ አፍ ትጨምራላችሁ ብለው ገሠጹን።

12ኛው መልስ አያቷ የኮሶ አበባ እንዴት ጨቅጭቀው ያጠጧት እንደነበር ያስታወሰች አባል ናት። መጠኑ ሲያልፍ ስለሚጎዳ ዛሬ ከጤና ተቋም የሚሰጠው ክኒን ይሻላል ከማለት በቀር ወደ ጉዳያችን አልመለሰንም።

13ኛ መልስ። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጻፈው ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የመጣ፣ አሁን ድሬዳዋ የሚሠራ የገበሬ ልጅ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ሜዳ አሰማርቶ አያደልብም። አንድ ወይም ሁለት በሬ እቤቱ አስሮ፣ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል እያጨደ፣ አገዳውን እየከተከተ በእጁ ያጎርሰዋል፤ ሌሊት በሬውና ቤተሰቡ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ያንን በሬ ያለ ሕመም ምልክት ማታ በልቶ ጠዋት ሲንዘፈዘፍ ቢያዩት ምን ያደርጋሉ? ወጣቱ እንደጻፈው ሁሉም ቢላ ነው የሚጠራው። ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም፤ ስለዚህ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ ይሯሯጣሉ። አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ከሆነ ግን ያ የቢላ ሩጫ ከበሽታው ሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ደሙ ጠቁሮ የማይረጋ ሆኖ ይፈሳል፤ አየር ያገኘው ባክቴሪያ ራሱን በጠንካራ ሽፋን ሸፍኖ፣ ስፖር የሚባለውን ሆኖ፣ አፈሩ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል፤ የገፈፈው፣ የበለተው፣ ቆዳውን የተሸከመው ሰው ክንዱ ላይ ትንሽ እብጠት ይወጣበትና መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ የማያመው ቁስል ይሆናል። ስለማያመው ችላ ይለዋል። ሥጋውን የበሉት ደግሞ ሆዳቸውን ይታመማሉ፤ ያ ዓይነቱ ይበልጥ ይገድላል፤ ስፖሩን ተራ መቀቀል አያጠፋውምና። ወጣቱ በሰፈሩ ከእንደዚህ ዓይነት እርድ በኋላ ሦስት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ቁስል ይዘው እንደነበር፣ በጊዜ በጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን ስላገኙ እንደዳኑ ጻፈ።

በክትን የከለከለው ሥርዓት ሰውን ሲጠብቅ ኖሯል ብዬ አምናለሁ። ሥርዓቱን የሚያሸሸው ጥድፊያው ነው። ስለዚህ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ አባቶች በድንገት የወደቀ ከብት እንዳይታረድ ቢያስተምሩ፣ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ይሰማሉ።

14ኛ መልስ። አንድ የከተማ ነዋሪ በቁጣ ገበሬው ለገንዘብ ሲል የታመመ ከብት እየጫነ ከተማውን ይመርዛል ብሎ ጻፈ። ቃሉ ስድብ ስለነበረበት አወያዩ ግማሹን አነሡት።

15ኛ መልስ። የ13ኛው ጸሐፊ የመለሰለት ደግሞ የተሳለ ቃል ነበር። የደለበ በሬ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ብድር መክፈያ፣ የልጆች ትምህርት፣ የማሽላ ዘር መግዣ እንደሆነ ካስረዳ በኋላ፣ ያንን በሬ ሳይነካ የሚያቃጥል ገበሬ ማግስቱን ምን ይበላል ሲል ጠየቀ። እርሱ ባደገበት ቀበሌ እንዲህ ላደረገ ሰው ካሳ የከፈለ አላየም። ከተሜው ርካሽ ሥጋ ይፈልጋል፣ የበሽታው ዋጋ ግን በገበሬው ላይ ብቻ ይውደቅ ይላል ብሎ ደመደመ። እኔ እዚህ ላይ ከእርሱ ጋር ነኝ። ከብቱን በእሳት ሰጥቶ ጎረቤቱን ያዳነ ሰው ባዶ እጁን የሚቀር ከሆነ፣ የሚቀጥለው ሰው በሽታውን ይደብቃል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በየወረዳው ቢመደብ ከብዙ ሰው ሕክምና ወጪ ይቀልላል።

16ኛ መልስ። አባ ሰንጋን ስለ መከላከል የጻፉት የ1ኛው መልስ ጸሐፊ ናቸው። በሽታው በታየበት አካባቢ ከብት ሁሉ በየዓመቱ መከተብ አለበት፤ ክትባቱ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። በድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚፈሰው፣ ሆዱ ቶሎ የተነፋ፣ ሬሳውም የማይደርቅ ከብት ሲገኝ ቢላ አይንካው፤ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ከሁሉ የሚሻለው ባለበት ማቃጠል ነው፤ ካልተቻለ ቢያንስ ሁለት ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ይቀበር። አንድ አባል በ17ኛው መልስ ኖራ ይነስነስበት ሲሉ፣ ኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም ስፖሩን ለማቆየት ሊረዳው ስለሚችል እንደማይመከር ወዲያው ተነገራቸው። ብዙዎቻችን ለቀብር ሁሉ ኖራ ስለለመድን ይህንን አስምሩበት።

ከ18ኛው እስከ 21ኛው ያሉት ስለ ጅብ ናቸው። ጥልቀት የሌለውን ጉድጓድ ጅብ ቆፍሮ እንደሚያወጣው ያነሣ ሰው ነበርና የሐረር ልጆች ገቡበት። ጅቦቹ በጁገል ግንብ ቀዳዳዎች እየገቡ የከተማውን አጥንትና ትርፍራፊ እንደሚያጸዱ፣ ጅብ ባይኖር ሐረር በሬሳ ሽታ እንደምትቸገር፣ ምሽት ላይ የሚመግቧቸውም ሰዎች ለእንግዳ ማየት ብቻ እንደማያደርጉት ጻፉ። ውይይቱ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ግን የእንስሳት ሐኪሙ መልሰው ወደ ጉዳዩ አመጡት። ጅብ ተራ ሬሳ ሲያነሣ ይጠቅማል፤ የአባ ሰንጋን ሬሳ ሲዘነጥል ግን ደሙን ለአየር ይከፍተዋል፤ ስለዚህ ያ ሬሳ ለጅብም ሆነ ለውሻ መተው የለበትም።

22ኛ መልስ። አንድ አባል ከድሬዳዋ ዙሪያ የላም ታሪክ ጻፉ። ላማቸው ለሐጯ እየወረደ፣ መዋጥ እያቃታት፣ እንግዳ በሆነ ድምፅ ትጮህ ነበር፤ አጥንት አንቋት ይሆናል ብለው ክንዳቸውን እስከ ጉሮሮዋ አስገቡ፤ ምንም አላገኙም። ላሟ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተች። ከሳምንታት በፊት ውሻ ነክሷት እንደነበር በኋላ ያስታወሰው እረኛው ነው። ጎረቤታቸው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል ብሎ አስገድዶ ባይወስዳቸው ኖሮ ክትባቱን ባልወሰዱ ነበር። የጤና መኮንኑ እንዲህ ያለ ለሐጭ የነካው ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ ምልክት ከጀመረ በኋላ ግን መድኃኒት እንደሌለው ጨመሩ። ጉሮሮዋ የተዘጋ የምትመስል ላም አፍ ውስጥ ባዶ እጅ አይግባ። ይህን ለገጠር ዘመዶቻችሁ ንገሩልኝ።

23ኛው መልስ አፍተግርና የቆዳ ጉርብርብ ከላም ወደ ሰው ይተላለፋሉ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሰውን የሚያሳስቡ እንዳልሆኑ ተመልሶለታል።

24ኛ መልስ። በቁም እንስሳት ንግድ ላይ እንደሆኑ የገለጹ አባል ስለ በሽታ በአደባባይ መነጋገር ገበያ ይዘጋል ብለው አስጠነቀቁ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም ከብት ለዓመታት እንደታገደ፣ በጅቡቲና በበርበራ መንገድ የሚኖረው ነጋዴና አርብቶ አደር እንደተጎዳ አስታወሱ። ሐሳባቸው ተገቢ ፍርሃት አለበት። ይሁን እንጂ 25ኛው መልስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአባቶች ቃል ጠቅሶ አልተቀበላቸውም፦ ገዢ አገር የሚያምነው መርምሮ በሚያስመሰክር ሻጭ ነው፤ ትንኝ የሚያዛምተው፣ በሬሳና በውርጃ ደምም የሚይዘው ያ በሽታ በግ፣ ፍየልና ከብት በብዛት ሲያስወርዱ የሚታወቅ ነውና ቀድሞ የተናገረ ገበያውንም ያድናል። ነጋዴው አልመለሱም።

26ኛና 27ኛ መልስ። አክስቴ ራሷ በእኔ በኩል ስለ ክትባት አስጠየቀች። የእንስሳት ሐኪሙ ኤስ19 የተባለው የብሩሴሎሲስ ክትባት ከ3 እስከ 8 ወር ላሉ ጊደሮች እንደሚሰጥ፣ ሕያው ተህዋስ ስለያዘ እርጉዝ ላም ላይ ቢወጋ ሊያስወርዳት እንደሚችል፣ የሚወጋውንም ሰው ሊይዝ ስለሚችል በባለሙያ እጅ ብቻ እንደሚሰጥ፣ የተያዘችውን ላም ግን እንደማይፈውስ መለሱ። የተያዘችው ላም በባለሙያ ክትትል ለእርድ ትቅረብ፤ ጡቷንና ማሕፀኗን የሚነካው ሰውም በጓንት ይሁን።

28ኛ መልስ፣ የእኔ። የላሞቹና የልጁ ደም ተመርምሮ ውጤቱ ደርሶናል። ልጁ ብሩሴሎሲስ ተገኝቶበት የ6 ሳምንቱን ሕክምና ጀምሯል። ያስወረደችውና አንድ ሌላ ላም ተይዘዋል፤ ሦስተኛዋ ነፃ ስለሆነች ወደ ዘመድ ግቢ ተወስዳለች። አክስቴ ወተት መሸጥ አቁማለች፤ ከእርሷ የሚወስዱትንም ቤት ለቤት ዞራ ነግራቸዋለች፤ ገሚሱ አመሰገናት፣ ገሚሱ ተቆጣት። ከደንበኞቿ አንዷ እርጉዝ ስትሆን ጥሬውን ትጠጣ እንደነበር ተናግራለች። የጤና መኮንኑ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝ አይሰጥም ስላሉ፣ ሴትየዋ ምርመራውን የትኛው ክፍል መጠየቅ እንዳለባትና ከተገኘባት በምን መድኃኒት እንደሚተካላት ለሐኪሟ ይዛው የምትሄደውን ጥያቄ እንዲጽፉልን እለምናቸዋለሁ።

29ኛ መልስ። የጤና መኮንኑ በዚያው ምሽት መለሱ። ወደ እርግዝና ክትትል ክፍሏ ሄዳ ካስወረደች ላም ጥሬ ወተት መጠጣቷን በመጀመሪያ ትናገር፤ ትኩሳት ባይኖራትም የደም ምርመራ ትጠይቅ፤ ከተገኘባት በእርግዝና ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ስላሉ ምርጫውን የማሕፀን ሐኪሟ ያድርጉ፤ ካልታከመ ግን ጽንሱን ሊያስወርዳት እንደሚችል ትወቅ። አክስቴ የሌሎቹን ደንበኞች ዝርዝር ለቀበሌው ጤና ጣቢያ እንድትሰጥም ጠይቀዋል፤ ዝርዝሩን ነገ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።